ጭነቱን የሚጎትተው የትኛው ፈረስ ነው? የጎታች ፈረሶች ማመጣጠኛ ዕቃ ዳሰሳ

ሁለት ፈረሶች ጎን ለጎን ተጠምደው ሲጎትቱ ከሩቅ ያያቸው ሰው ድካሙን እኩል የተካፈሉ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ከትከሻቸው ወደ ጋሪው የሚሄዱትን ጠፍሮች ያስተዋለ ግን አንዳንዴ ሌላ ነገር ያያል፤ የአንደኛው ጠፍር እንደ ክራር ክር ተወጥሯል፣ የሌላኛው ረግቦ ይወዛወዛል። ትጉው ጭነቱን ብቻውን ይዞታል፤ ዳተኛው አጠገቡ ይራመዳል። ይህ ለሳምንታት ሲቀጥል የትጉው ትከሻ ይላጣል፣ ሥጋው ይመነምናል፣ በመጨረሻም እሱ ራሱ ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል። ያን ጊዜ ጅራፍ የሚያርፍበትም እሱ ነው።

ይህ በደል በፈረሶቹ ጠባይ ብቻ የሚመጣ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከኋላቸው ያለው እንጨት፣ ሰንሰለትና ቀዳዳ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምመለከተው ይህንኑ ነው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከሠላሳ በላይ ፈረሶች አንድን ጭነት ሲጎትቱ ድርሻቸውን የሚያከፋፍለው ዕቃ ምን ዓይነት ነው? የትኛው ይሠራል? የትኛውስ ይሠራል ተብሎ ሲታሰብ ፈረስ ይጎዳል? ታሪኩ በአመዛኙ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ነው፤ ፈረስ በብዛት ተጠምዶ ያረሰውና ያጨደው እዚያ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻ ላይ ወደ እኛው ቀንበርና ጋሪ እመለሳለሁ፤ ጉዳዩ እኛንም ይነካል።

በመጀመሪያ ፈረሱ ኃይሉን የሚያሳርፍበትን ቦታ እንይ። ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ሪሻር ለፌብቭር ዴ ኖኤት በ1931 ባሳተመው ሰፊ ጥናት፣ የጥንት ሮማውያን የፈረስ ዕቃ ጉሮሮ ስለሚያንቅ ፈረስ ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ይጎትት ነበር ሲል ደመደመ። ለማስረጃ ካቀረባቸው አንዱ በ438 የወጣው የቴዎዶስዮስ ሕግ ነው፤ ሕጉ ለከባድ ሰረገላ የፈቀደው ጭነት 1,500 የሮማ ፓውንድ፣ ማለትም ከ500 ኪሎ ግራም ያነሰ ነበር። ሌላው ፈረንሳዊ ዣን ስፕሩይት ግን ጥንታዊውን ዕቃ ከቅርጻ ቅርጽና ከሥዕል ላይ እያየ ሠርቶ ፈረስ ላይ ሞከረው፤ በ1977 ባሳተመው ውጤትም የማነቁ ነገር እንደተባለው እንዳልሆነ አሳየ። እኔ ለስፕሩይት አደላለሁ። መንግሥት የጭነት ገደብ የሚያወጣው መንገዱንና ሰረገላውን ለመጠበቅም ሊሆን ይችላል፤ ገደቡን የፈረስ አቅም መለኪያ አድርጎ መውሰድ የተጣደፈ ፍርድ ነው። ያም ሆኖ በቻይና ተጀምሮ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተስፋፋው፣ ውስጡ የተሞላና በትከሻ አጥንት ላይ የሚያርፈው አንገትጌ ብዙ ነገር ቀይሯል። ፈረስ ሙሉ ክብደቱን አዘንብሎ እንዲገፋ አስችሎታል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የባዩ ጥልፍ ጠርዝ ላይ አንገትጌ ያጠለቀ ፈረስ መከስከሻ ሲጎትት ይታያል።

አንገትጌው ኃይሉን ከሰበሰበ በኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ጠፍሮች ወይም ሰንሰለቶች ወደ ኋላ ይሄዱና በአንድ አጭር አግዳሚ እንጨት ሁለት ጫፎች ላይ ይያያዛሉ። ይህን ነጠላ አግዳሚ እንበለው። አግዳሚው ከጭነቱ ጋር የሚገናኘው መሐሉ ላይ ብቻ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ፈረስ ሲራመድ ሁለቱ ትከሻዎቹ በየተራ ወደፊት ይወጣሉ፤ አግዳሚውም አብሯቸው ይሄዳል። ጠፍሮቹ በቀጥታ ከጋሪው አካል ጋር ቢታሰሩ ኖሮ በእያንዳንዱ እርምጃ ጭነቱ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዘል ነበር፤ አንገትጌውም ቆዳውን እየፈገፈገ ያቆስለው ነበር። ስለዚህ ጭነት ማካፈል የሚጀምረው በሁለት ፈረሶች መካከል ሳይሆን በአንዱ ፈረስ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነው። ይህን ትንሽ እንጨት የዘለለ ሰው ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ አይጠቅመውም።

ሁለት ፈረሶች ሲሆኑ የሁለቱ ነጠላ አግዳሚዎች በአንድ ረዘም ያለ አግዳሚ ጫፎች ላይ ይንጠለጠላሉ፤ የረጅሙ አግዳሚ መሐል ደግሞ በፒን ከጭነቱ ጋር ይያያዛል። ይህ ጥንድ አግዳሚ ነው፤ የማመጣጠኛ ዕቃ ሁሉ አባት። ሕጉ የሊቨር ሕግ ነው። እያንዳንዱ ፈረስ የሚጎትተው ኃይል ከፒኑ እስከ እሱ ድረስ ባለው ክንድ ሲባዛ፣ የግራውና የቀኙ ውጤት እኩል መሆን አለበት። ክንዶቹ እኩል ከሆኑ ድርሻውም እኩል ነው። አንደኛው ካልጎተተ እንጨቱ ወደ እሱ በኩል ይዞራል፤ የጓደኛው ጫፍ ወደፊት ይሄዳል፤ ጭነቱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ትጉው ብቻውን ሊጎትተው ቢፈልግም አይችልም፤ የሚይዝለት አጥቶ ወደፊት ይንሸራተታል።

አሁን ፒኑን ከመሐል እናንቀሳቅሰው። የአግዳሚው ርዝመት 120 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ፒኑን ወደ ብርቱው ፈረስ 5 ሴንቲ ሜትር ብናስጠጋው ክንዶቹ 55 እና 65 ይሆናሉ። ጠቅላላው ጉተታ 120 ኪሎ ግራም ቢሆን ብርቱው 65፣ ደካማው 55 ይይዛል። ወጣት፣ ያረጀ ወይም ከሕመም ያገገመ ፈረስ ያለው ገበሬ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ሸክሙን ሊያቀልለት ይችላል ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች አግዳሚው መሐል ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ የሚበሱት ለዚህ ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ ርኅራኄ የታየበት የእርሻ መሣሪያ አላውቅም።

ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የማይስማሙበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሦስቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ላይ ይሁኑ ወይስ አይሁኑ? ይህ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ጉዳይ ስለሆነ ብዙዎች ያልፉታል፤ እኔ ግን የዚህ ዕቃ ልቡ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሦስቱም በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ካሉ፣ እንጨቱ ምንም ያህል ቢያዘነብል ድርሻው አይለወጥም። ኋላ የቀረው ፈረስ በመቅረቱ ምንም አያተርፍም፤ የቀደመውም በመቅደሙ አይቀጣም። የጫፎቹ ቀዳዳዎች ከመሐለኛው ወደፊት፣ ወደ ፈረሶቹ ከተጠጉ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንጨቱ ሲያዘነብል የቀደመው ፈረስ ክንድ ያጥራል፣ የቀረው ክንድ ይረዝማል፤ ስለዚህ የቀደመው ይከብደዋል፣ የቀረው ይቀለዋል። ክንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቀዳዳዎቹ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢቀድሙና እንጨቱ 20 ዲግሪ ቢዞር፣ የቀደመው ፈረስ ከጓደኛው 6 በመቶ ያህል የበለጠ ይጎትታል። ይህ የሚቸኩለውን አቀዝቅዞ፣ የዘገየውን እፎይ አሰኝቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ይመልሳል። ሦስተኛው አማራጭ ተቃራኒው ነው፤ የጫፎቹ ቀዳዳዎች ከመሐለኛው ወደ ኋላ ሲሆኑ ወደ ኋላ የቀረው ፈረስ ይበልጥ ይከብደዋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ለዳተኛ ተገቢ ቅጣት አድርጎ ያየዋል። ቅጣቱ ግን ፍጻሜ የለውም፤ የከበደው ይበልጥ ይቀራል፣ ይበልጥ ሲቀር ይበልጥ ይከብደዋል። እንዲህ የተበሳ አግዳሚ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ቢለውጠው ይሻላል። ከሁለቱ ቀሪዎች የምመርጠውን ብጠየቅ፣ ለተላመዱ ጥንዶች ቀጥተኛውን፣ ለአዲስ ተማሪ ወይም ጠባያቸው ለማይገጥም ወደፊት የወጣውን እላለሁ።

አግዳሚው እንዳይዞር የሚያደርጉም አሉ። ከጫፎቹ ወደ ጋሪው መንኮራኩር ዘንግ የሚሄዱ አጫጭር ሰንሰለቶች ይታሰሩና አንዱ ፈረስ ከመጠን በላይ እንዳይቀድም ያግዱታል። ሰንሰለቱ በተወጠረበት ቅጽበት ግን ማካፈሉ ያበቃል፤ የቀደመው ፈረስ ጭነቱን በቀጥታ ይይዛል፣ ሌላው ነፃ ይሆናል። ለውበት በተሠሩ የከተማ ሰረገላዎች ላይ ደግሞ ጠፍሮቹ ፈጽሞ በማይንቀሳቀስ አግዳሚ ላይ ይታሰሩ ነበር፤ ማመጣጠኑ የተተወው ለነጂው ዛብና ዓይን ነው። ቀላል ሰረገላ በጥሩ መንገድ ላይ ይህን ይሸከማል። ለማረሻና ለግንድ ጉተታ ግን አይሆንም።

አንድ ፈረስ በእርግጥ ምን ያህል ይጎትታል? ጄምስ ዋት በ1780ዎቹ የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ የፈረስ ጉልበትን ሲተምን በደቂቃ 33,000 ፉት ፓውንድ አለ። ይህ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እየተራመዱ 68 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ከመጎተት ጋር እኩል ነው። ገበሬዎች የሚከተሉት ስሌት ደግሞ ቀላል ነው፤ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ሊቀጥልበት የሚችለው ጉተታ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 800 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፐርሸሮን ወይም ቤልጂያን ፈረስ 80 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ማውጣት ይችላል። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የአዮዋ ስቴት ኮሌጅ ባለሙያዎች ይህን በጉተታ መለኪያ መሣሪያ ፈትነውታል። 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማረሻ 15 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ መካከለኛ አፈር ሲገለብጥ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም ይጠይቃል። ሁለት ፈረስ ይጨናነቃል፤ ሦስት ሲሆን ይደላዋል። ሦስተኛው ፈረስ ሲገባ ደግሞ አዲስ ችግር ይዞ ይመጣል።

ሦስት ፈረሶችን በእኩል ክንድ ማካፈል አይቻልም። መፍትሔው አንዱን ፈረስ በረጅሙ ክንድ፣ የሁለቱን ጥንድ አግዳሚ በአጭሩ ክንድ ላይ ማድረግ ነው። በ90 ሴንቲ ሜትር አግዳሚ ላይ ፒኑ ከጥንዱ 30፣ ከነጠላው 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ጥንዱ 160 ኪሎ ግራም በ30፣ ነጠላው 80 ኪሎ ግራም በ60፤ እኩል ነው። አምስት ከሆኑ 2 ለ3 ይከፈላል፤ አራት፣ ስምንት ከሆኑ ጥንድ በጥንድ ላይ ይደረደራል። እስከዚህ ድረስ አናጢ በክርና በእርሳስ የሚፈታው ነው።

የሚያስቸግረው ስፋቱ ነው። ማረሻ የሚጎትት አንዱ ፈረስ ቀድሞ በተከፈተው ትልም ውስጥ፣ ሌሎቹ ገና ባልታረሰው መሬት ላይ ይሄዳሉ። ፈረሶቹ መሐል ለመሐል 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሁለት ሲሆኑ የጥንዱ መሐል ከማረሻው መሐል ጋር ይገጥማል፤ ማረሻው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሦስት ጎን ለጎን ሲሆኑ የጉተታው መሐል ወደ 35 ሴንቲ ሜትር፣ አራት ሲሆኑ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሸሻል። ማረሻው ወደዚያው መጎተት ይጀምራል፤ አራሹ እየታገለ ይመልሰዋል፤ ይህ ትግል ለፈረሶቹ ተጨማሪ ሸክም ነው። ፒኑን ወደ ጎን በማንሳት ይህን ማቃናት የሚሞክር ሰው ደግሞ ያለ ሐሳቡ ድርሻውን ያዛባል፤ አንዱን ችግር ፈትቶ ሌላውን ይፈጥራል። ስለዚህ ገበሬዎች ፈረሶቹን ጎን ለጎን መደርደር ትተው ፊትና ኋላ ማሰለፍ ጀመሩ።

ፊትና ኋላ ሲሰለፉ የፊተኛው ጥንድ ከኋለኛው ጥንድ ጋር እንዴት ይካፈላል? ቀላሉ መንገድ አንድ ረጅም ሰንሰለት መዘርጋትና ጥንዶቹን በየቦታው ማንጠልጠል ነው። ይህ በታሪክ እጅግ የታወቀውን ትዕይንት ፈጥሯል። ከ1883 እስከ 1889 ባሉት ዓመታት በካሊፎርኒያ ዴዝ ቫሊ በረሃ ውስጥ 18 በቅሎዎችና 2 ፈረሶች ሁለት ግዙፍ ጋሪዎችንና አንድ የውኃ ታንከር በአጠቃላይ ወደ 33 ሜትሪክ ቶን ይጎትቱ ነበር፤ ከቦራክስ ማምረቻው እስከ ሞሃቬ የባቡር ጣቢያ 265 ኪሎ ሜትር፣ አሥር ቀን። ነጂው የሚይዘው 36 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ ገመድ ብቻ ነበር። ገመዱን ወጥሮ ሲጎትት ወደ ግራ፣ ደጋግሞ ሲነቀንቀው ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከኋላ ያሉት የተወሰኑ በቅሎዎች በራሳቸው ሰንሰለቱን ዘለው ወደ ውጭ ይጎትቱ ነበር፤ አለዚያ ሰንሰለቱ መታጠፊያውን አቋርጦ ጋሪዎቹን ከመንገድ ያስወጣቸዋል።

ይህን ያህል ቢያስደንቅም ሰንሰለት አያካፍልም። በሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠለ ጥንድ ካልጎተተ ከጎኑ ሆኖ መራመድ ብቻ ነው፤ የፊተኞቹ ሲጎትቱ ሰንሰለቱ እንደተወጠረ ስለሚቆይ የሠለጠነ ዓይን እንኳ ልዩነቱን በቀላሉ አያገኝም። ማካፈሉን የሚሠራው ነጂው ነበር፤ የእያንዳንዱን በቅሎ ስምና ጠባይ ማወቅ ግዴታው ነበር። የጦር ሠራዊቶችም በተመሳሳይ መንገድ ችግሩን በሰው ኃይል ሸፈኑት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታኒያ ባለ 18 ፓውንድ መድፍ በስድስት ፈረስ ይጎተት ነበር፤ በእያንዳንዱ ጥንድ በግራው ፈረስ ላይ አንድ ነጂ ይቀመጥ ስለነበር ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። ሠራዊት ይህን ይችላል፤ ገበሬ ግን ለስድስት ፈረስ ሦስት ሠራተኛ ከየት ያመጣል?

ለገበሬው መልስ የሆኑት ፑሊና ቋሚ ሊቨር ናቸው። ፑሊው ማረሻው ላይ ይታሰራል፤ በእሱ የሚያልፈው ሰንሰለት አንዱ ጫፍ ወደ ኋለኛው ጥንድ፣ ሌላው ጫፍ በጥንዱ መሐል አልፎ ወደ ፊተኛው ጥንድ ይሄዳል። የፊተኞቹ ሲፈጥኑ የኋለኞቹ ወደ ኋላ ይሳባሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ጉተታ ግን እኩል ነው። ፑሊ ጥሩነቱ ይህ ነው፤ ጉድለቱም ይኸው ነው። እኩል ለእኩል ብቻ ያካፍላል፤ ከፊት ሁለት ከኋላ ሦስት ፈረስ ከተጠመደ አይሆንም። ያን ጊዜ 2 ለ3 ክንድ ያለው ሊቨር ይገባል። በተጨማሪም ፑሊው ካልተቀባ፣ ሰንሰለቱ ጭቃ ከያዘ፣ ሰበቃው ማመጣጠኑን ይበላዋል። የረሳ ገበሬ ፑሊ እንዳለው እያመነ ያለ ፑሊ ያርሳል።

የማመጣጠኛ ዕቃ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በዋሽንግተንና በአይዳሆ መካከል ባለው የፓሉስ ኮረብታማ የስንዴ አገር ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1930 አካባቢ እዚያ ስንዴ የሚያጭደውና የሚወቃው ግዙፍ ማሽን በፈረስና በበቅሎ ይጎተት ነበር፤ አንዳንዴ እስከ 33 ይጠመዱ ነበር። ሻንዶኒ ተብሎ የሚጠራው ቅንብር ረድፍ በረድፍ የተሰለፉትን ፈረሶች በሙሉ አንድ ላይ ያመጣጥን ነበር። ነጂው ከማሽኑ ወደፊት በተዘረጋ መሰላል ጫፍ ላይ ከፈረሶቹ በላይ ተቀምጦ በእጁ የሚይዘው የመሪዎቹን ዛብ ብቻ ነበር። አጠገቡ ጠጠር የሞላ ከረጢት ይቀመጣል፤ የዘገየችውን ለይቶ በጠጠር ያስታውሳታል። ከሠላሳ ፈረስ ውስጥ የዘገየችውን መለየት የቻለው ማመጣጠኛው ስላለ ነው፤ የእሷ አግዳሚ ወደ ኋላ አዘንብሎ ይታየዋል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ የህልውና ጥያቄ ሆነ። የፎርድሰን ትራክተር ከ1917 ጀምሮ ተመረተ፤ በ1922 ዋጋው 395 ዶላር ድረስ ወረደ። በ1919 የተቋቋመው የአሜሪካ ፈረስ ማኅበር ከጸሐፊው ዌይን ዲንስሞር ጋር አንድ ክርክር ይዞ ተነሣ፤ ትራክተር የሚያሸንፈው አንድ ሰው ብዙ ጉልበት ስለሚያዝዝበት ከሆነ፣ አንድ ሰው ስድስት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ፈረስ እንዲያዝዝ እናድርግ። ለዚህ የተስፋፋው ዘዴ ዛብ ለመሪ ፈረሶች ብቻ እንዲኖር ያደርጋል። ሌሎቹ በአንገታቸው ገመድ ከፊታቸው ካለው ፈረስ መጎተቻ ጋር ይታሰራሉ፤ ስለዚህ መቅረት አይችሉም። ከልጓማቸው የሚነሣ ሌላ ጠፍር ደግሞ ወደ ኋላ ከመጎተቻው ሰንሰለት ጋር ስለሚያያዝ ከልክ በላይ ሲቸኩሉ ልጓሙ ይይዛቸዋል። ከማመጣጠኛ አግዳሚው ጋር ሲቀናጅ የሚቸኩለውም የሚዘገየውም በራሱ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማኅበሩ ሥዕሎቹንና መለኪያዎቹን በጽሑፍ አሠራጨ፤ ብዙ ገበሬም ተጠቀመበት። ትራክተሩን ግን አላስቆመውም። በ1910ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ እርሻዎች ከ26 ሚሊዮን በላይ ፈረስና በቅሎ ነበር፤ በ1960 ሦስት ሚሊዮን ያህል ቀረ። እኔ እንደማየው ዘዴው የተሸነፈው ጉድለት ስላለበት ሳይሆን ዘግይቶ ስለመጣ ነው። ገበሬው ይህን ዕቃ ከሠላሳ ዓመት በፊት በእጁ ቢያገኝ ኖሮ ብዙ ትከሻ ሳይቆስል በተረፈ ነበር።

አንድ እውነት ግን የትኛውም አግዳሚ አይለውጠውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፤ አባባሉ እያንዳንዱ አንድ አንድ ሎሚ እንደሚይዝ ቆጥሮ ነው። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክሲሚልየን ሪንገልማን በ1880ዎቹ ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ለካ፤ ውጤቱን ያሳተመው በ1913 ነው። ስምንት ሰዎች አንድ ላይ ሲጎትቱ እያንዳንዱ ያወጣው ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሹን ያህል ብቻ ነበር። ሪንገልማን ዋናውን ምክንያት አንድ ጊዜ አብሮ ያለመጎተት አድርጎ አየው። ፈረሶችም ሲበዙ እንዲሁ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፈረስ ከቀዳሚው ያነሰ ይጨምራል። ማመጣጠኛው ድርሻን ያስተካክላል፤ አብሮ መነሣትን ግን የሚያስተምረው ነጂው ነው። ስድስት ፈረስ በሁለት ሰዓት የሚሠራውን ሥራ አራት በደንብ የተጣመዱ ፈረሶች ትንሽ ዘግይተው ከሠሩት፣ አራቱን መምረጥ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በፔንሲልቫኒያና በኦሃዮ የሚኖሩ ብዙ የአሚሽ ገበሬዎች ዛሬም እርሻቸውን የሚያርሱት በፈረስና በበቅሎ ነው፤ አግዳሚዎቻቸው ብዙ ጊዜ ከብረት የተሠሩ ናቸው፣ ፑሊዎቻቸው በኳስ መሽከርከሪያ ይዞራሉ። ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ በተለያዩ ግዛቶች የሚካሄደው የፈረስ እርሻ ዐውደ ርዕይ አዳዲስ ዕቃዎች ሥራ ላይ ሆነው የሚታዩበት ነው። በኦሪገን ሊን ሚለር በ1976 ማሳተም የጀመረው መጽሔትና በ1981 ያወጣው የጎታች ፈረስ መመሪያ ይህን ዕውቀት ለአዲስ ትውልድ አስተላልፏል። በፈረንሳይ ደግሞ ዣን ኖል ለሴኔጋል ገበሬዎች የሠራቸውን ቀላል መሣሪያዎች ተከትሎ ለትናንሽ የአትክልት እርሻዎች የሚሆን የእንስሳት ጉልበት መሣሪያ የሚሠሩ አሉ። የብረት አግዳሚ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ይከብዳል ግን፤ ፈረሱ ሲቆም ተረከዙን ይመታል። በጥሩ ጠንካራ እንጨት ከብረት ቀለበት ጋር የተሠራው አሁንም ሚዛኑን የጠበቀ ይመስለኛል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የመጎተት ጉልበት ዋናው በሬ ነው። ቀንበራችን ራሱ ማመጣጠኛ አግዳሚ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሁለት በሬ በሁለት ጫፍ፣ ሞፈሩ በምራን መሐሉ ላይ። ምራኑ የታሰረበትን ቦታ ወደ ብርቱው በሬ ጥቂት ማስጠጋት ለደካማው ሸክሙን ያቀልለታል፤ ስሌቱ ከላይ ያሳየሁት ነው። በ1974 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢልካ፣ በ1980ዎቹ በደብረ ብርሃንና በደብረ ዘይት ጣቢያዎቹ በአንድ በሬ የማረስ ዘዴ ሞክሮ ነበር። በድርቅ ዘመን አንድ በሬ ብቻ የቀረው ገበሬ ብዙ ነበርና። ለዚህ የተሠራው ዕቃ በአንገት ላይ የሚያርፍ የተገለበጠ የV ቅርጽ ያለው ቀንበር፣ ሁለት ገመድና ከኋላ የሚወዛወዝ ነጠላ አግዳሚ ነበረው፤ ሞፈሩም አጥሮ ከሥሩ መንሸራተቻ ተደርጎለት ነበር። በስፋት አልተለመደም፤ ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጀትን መረጠ። ያ ነጠላ አግዳሚ ግን ከዕቃው ጋር አብሮ መረሳት አልነበረበትም።

የጋሪ ፈረሶቻችንንና አህዮቻችንን ደረት፣ ትከሻና ጀርባ ያየ ሰው ለምን ይህን እንደምል ይገባዋል። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት አገር ኢትዮጵያ ናት፤ በ1997 በደብረ ዘይት ስለ አህያ አጠቃቀም የተካሄደው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ጉልበት መረብ ዓውደ ጥናትም እዚህ የተካሄደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋሪያችን በአብዛኛው ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ ሁለት ዘንጎቹ ፈረሱን መሐል ያስገቡታል፣ የደረት ጠፍሩ በቀጥታ ከጋሪው አካል ወይም ከዘንጎቹ ጋር ይታሰራል። በእያንዳንዱ እርምጃ የደረቱ ቆዳ ይፈገፈጋል። ሁለት አህያ ጎን ለጎን በሚጠመድበት ጋሪ ላይም ለየብቻ ማሰር ማለት ጭነቱን ለትጉው አህያ መተው ማለት ነው። ጠፍሮቹን በቀጥታ ከማሰር ይልቅ በነጠላ አግዳሚ፣ ሁለት ሲሆኑም በጥንድ አግዳሚ ማሰር የጋሪውን ቅርጽ አይለውጠውም።

ይህን ልመና የማቀርበው ለጋሪ ሠሪዎች፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ብረትና እንጨት ለሚያስተምሩ መምህራን፣ የቆሰለ ፈረስ ለሚያክሙ የእንስሳት ሐኪሞችም ነው። ቁስሉን በመድኃኒት ከማጠብ በፊት ጠፍሩ የታሰረበትን ቦታ እዩ። ሁለት የሚጠመዱ ከሆነ የአግዳሚውን ሦስት ቀዳዳዎች በክር ለኩ፤ መሐለኛው ከጫፎቹ ወደፊት ከወጣ አስተካክሉት። ለአንድ ጋሪ ነጠላ አግዳሚ አንድ ሜትር የማይሞላ የወይራ እንጨት፣ ሦስት የብረት ቀለበትና አንድ ፒን ይበቃል።